የቀኝ እግር ቦቲ

ፖቮዋ የገባሁ በካፊያ ማለዳ፣
ለአሳም ለመረብም ፍጹም ነኝ እንግዳ፣
ግን ልቦለድ አለብኝ፣ ያልከፈልኩት ዕዳ።
በባሕር የሚሞት አንድ ሰው ወልጃለሁ፣
ኤሊዚዮ ብዬ ስምም አውጥቻለሁ፣
የሚሞትበትን ጀልባ ግን አጥቻለሁ።

ስለዚህ ለካሁ።
የወደብ ጽሕፈት ቤት መዝገብ አገላብጬ፣
ከሙዚየሙ ወለል ደብተር ይዤ ተቀምጬ፣
ጀልባዋን በሜትር፣ መቅዘፊያውን በቁጥር፣
የሸራውን ስፋት፣ የገመዱን ዝርዝር፣
ፊደል ያልቆጠረ አባት በጀልባው ላይ
በቢላ የጫረው ምልክቱም ሳይለይ፣
የነፋሱን ስም፣ የሰርዲኑን ዋጋ፣
ስጽፍ እየመሸ፣ ስጽፍ እየነጋ፣
ሦስት ገጽ ሞላሁ።
ጨረቃም ጨመርኩበት፣ ሙሉ፣ እንደ ብር ሳህን፣
ሰው ሲሰምጥ እንዲታይ፣ እንዲያምር ሞቱ እንኳን።

ከወደቡ ጥግ ላይ ዜፌሪና አለች፣
ሰማንያ ዓመቷን ከመረብ ቋጥራለች፣
በጥርሷ መርፌ ይዛ «አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩ።
ቀና አላለችም። አንዲት ቀዳዳ ደፈነች፣
ሌላ ቀዳዳ ፈለገች፣ አገኘች፣ ደፈነች።
«ጀልባዋን አየኋት፣ ሰውየውስ የታል?
ሜትርሽ ውስጥ ገብቶ መቅዘፊያሽ ጋርዶታል።
ነይ እጅሽን ስጪኝ፣ ይሄን ጫፍ ዳስሺው፣
ቡሽ ነው፣ የሚያንሳፍፍ። ያንን ደግሞ እይው፣
እርሳስ ነው፣ የሚያሰምጥ። አንቺ ልጅ፣ እርሳስሽ
ከልክ በላይ በዛ፤ ወዴት ቀረ ቡሽሽ?
እርሳስ ብቻ መረብ ታች ወርዶ ይቀራል፣
አሳው በላዩ ላይ ልጆቹን ይድራል።»

ጣቶቼን አየሁ። እርሳስ ይዣለሁ ለካ።

«ደሞ ያቺ ጨረቃ!» ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣
«ማነው በሙሉ ጨረቃ ለሰርዲን የሚነሳ?
ብርሃን ካየች ትበተናለች። ወደቡ ሙሉ ወንድ
ካርታ ሲጫወት ያድራል፣ ቀዛፊ አይወጣም አንድ።
ኤሊዚዮ ፈጠራሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ አምኜው ነበር፣
እንባዬም መጥቶ ነበር፣
ያቺ ጨረቃ ባትወጣ ኖሮ ከሰማይ ዳር።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አልኳት።
መረቡን ከጭኗ አወረደች።

«ወንድሜ ቦቲ ሲገዛ
ሁልጊዜ ከእግሩ ሁለት ቁጥር ያስበልጥ ነበር።
ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጥቃል።
ባሕር ላይ ከወደቀ ነቅሎ እንዲጥለው ነው፤
ልክ የሆነ ቦቲ ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትታል።
በአራተኛው ቀን አንዱ ቦቲ መጣ፣ ባዶውን፣
ጋዜጣው እንኳ ከውስጡ አልወጣም።
እናቴ በደስታ ዘለለች። አወለቀው! አለች። እየዋኘ ነው!
ሦስት ማታ ሾርባውን ከምድጃው ዳር አላነሳችም።»

ከዚህ ሌላ አላለችም።
መረቧን መልሳ ታቀፈች።

ማታ ክፍሌ ገብቼ ሜትሩን ሰረዝኩ፣
መቅዘፊያውን፣ ሸራውን በየተራ አሰናበትኩ፣
ጨረቃዋን አጠፋሁ፣ እፍ ብዬ እንደ ኩራዝ፣
ጨለማው ሲመጣ ባሕሩ ጀመረ መጓዝ።
የሰርዲኑ ዋጋ ብቻ እምቢ አለኝ፣ ሳሳሁ፣
ስንት ቀን ፈልጌ ከመዝገብ ያነሳሁ!
ለእናቱ ሰጠኋት። በሦስተኛው ጠዋት
ገበያ ላይ ቆማ፣ ቅርጫት ይዛ በእጇ፣
በአንዲት ሳንቲም ስትከራከር አየኋት፤
ገና እየዋኘ ነው፣ በሷ ሒሳብ፣ ልጇ።

አንድ ገጽ ቀረኝ። አብዛኛው ቀዳዳ።
መረብም እንዲሁ ነው።

ሲነጋ ወርጄ አነበብኩላት።
አሁን ቀና አለች።
«የግራው ነበር» አለችኝ።

እኔ የቀኙን ጽፌያለሁ፣ ሳልጠይቅ።
ላርመው እርሳሴን አወጣሁ።
እጄን ያዘችኝ፤ ጣቷ ሻካራ፣ ጨው የለበሰ።
«ተይው» አለች። «ያንቺ ልጅ የቀኙን ያውልቅ።
የግራው የኛ ነው።»